ተፍቆ የሚጣለው

የእናቴ ታላቅ ወንድም ብራና ፋቂ ናቸው። ልጅ ሆኜ የጥምቀት ሰሞን ትምህርት ሲዘጋ ወደ እሳቸው ዘንድ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ወዳለ ገጠር፣ እላክ ነበር። ክረምት ላይ ቆዳ አይወጥሩም፤ «አይደርቅልኝም» ይላሉ። በጋ ሲሆን ግን ከጓሯቸው የፍየል ቆዳ አይጠፋም። ውሃ ውስጥ ሰንብቶ የራሰውን ቆዳ ዳር ዳሩን በስተው፣ በገመድ ከአራት ማዕዘኑ እንጨት ጋር እያሰሩ፣ ሲመቱት እንደ ከበሮ እስኪጮህ ይወጥሩታል። ከዚያ ፍቂያ ነው። መጀመሪያ ከሥጋው ወገን ይጀምራሉ፤ ስቡ እንደ እርጥብ ጥጥ እየተጠቀለለ ይወድቃል፣ ውሻው ጥግ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ከደረቀ በኋላ ደግሞ በጠጉሩ ወገን ይመጣሉ። እዚህ ላይ ጠጉሩ ብቻውን አይነሣም፤ የበቀለበት ስስ ልባስም እንደ ፎረፎር እየተቀረፈ አብሮ ይሄዳል። በሸካራ ድንጋይ ሲታሽ ጓሮው ዱቄት በዱቄት ይሆናል። የእኔ ሥራ ያንን ጠርጎ ገደል መክተት ነበር።

ብራናው ከእንጨቱ ሲፈታ አጎቴ ወደ ፀሐይ አቅንተው ያዩታል። ቀዳዳ ካለ፣ ቢላ የነካው ቦታ ካለ ያኔ ይታወቃል። አንድ ቀን ለእኔም እንዳይ አቀረቡልኝ። ብርሃን ያሳልፋል፤ እንደ ሰም ቢጫ ነው። ግን ጥርት ያለ አልነበረም። እዚህም እዚያም ረድፍ የያዙ፣ በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ነጠብጣቦች አሉበት።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው? አልጠራም እኮ።»

«የጠጉሩ ጉድጓድ ነው። ብትፍቀው ብትፍቀው አይለቅም፤ ሥሩ ጠልቋል። አንተ ብቻ ጥረግ።»

ጠረግሁ። ስለ ነጠብጣቦቹ እንደገና ያሰብኩት ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታል ተኝቼ የገዛ ጭኔን ሳይ ነው።

ቆዳን ሐኪሞች በሦስት ይከፍሉታል። እኔ ግን በአጎቴ ጓሮ ቅደም ተከተል ማሰቡ ይቀለኛል። ለውሻው የሚወድቀው ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ነው፤ ቆዳን ከጡንቻ ጋር ያያይዛል፣ ሙቀት ያቆያል፣ ስንወድቅ ፍራሽ ይሆነናል። እንጨቱ ላይ ተወጥሮ የሚቀረው፣ በኋላ ዳዊት የሚጻፍበት፣ ደርሚስ የሚባለው ውስጠኛው ቆዳ ነው። እሱ በአብዛኛው ኮላጅን ነው፤ እንደ ገመድ የተገመደ ፕሮቲን፣ ወዲያና ወዲህ የተጠላለፈ፣ ቢጎትቱት በዋዛ የማይበጠስ። በመካከሉ ኤላስቲን የሚባል ሌላ ክር አለ፤ የተጎተተውን መልሶ የሚሰበስበው እሱ ነው። ዕድሜ ሲገፋና ፀሐይ ሲበዛበት ይደክማል፤ የአንገታችን ነገር ከዚያ ይመጣል። የደም ሥሩ፣ አብዛኛው ነርቭ፣ የላብ ዕጢው፣ የጠጉሩ ሥር፣ ማደሪያቸው እዚሁ ነው። ውፍረቱ እንደ ቦታው ነው፤ የዐይን ቆብ ላይ ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል፣ ጀርባ ላይ ሦስት አራት ሚሊሜትር ይደርሳል። ጫማችን፣ ቀበቷችን፣ ከበሯችን፣ ጠፍሩና ስልቻው ሁሉ የአንድ እንስሳ ደርሚስ ነው። ላይኛውን ከነጠጉሩ ይዞ የሚቀረው አጎዛ ነው።

እኔ ስጠርገው የነበረው ሦስተኛው ነው፤ ኤፒደርሚስ። አብዛኛው ገላችን ላይ ውፍረቱ ከ0.1 ሚሊሜትር ብዙ አይርቅም፤ የአንድ ወረቀት ያህል ማለት ነው። የራሱ የደም ሥር የለውም። ጺም ስንላጭ በስሱ ተልጦ ሳይደማ የሚቀር ቦታ አለ አይደል? ምላጩ ኤፒደርሚስ ውስጥ ቀርቷል። ከደማ ደርሚስ ገብቷል። ለመጻፍ አይሆን፣ ለጫማ አይሆን፣ ውሻውም አይፈልገው። ቆሞ በሚሄድ ሰው ላይ ግን ነፍስ የተንጠለጠለችው በእሱ ነው። ይህን ያወቅሁት ሲጎድለኝ ነው።

ቅዳሜ ማታ ነበር፣ ከሁለት ዓመት በፊት። ጾም ስለነበር ድንች ልጠብስ ዘይት ጣድኩ። ወንደላጤ ቤት እጀታው ያልላላ መጥበሻ የለም። ላነሣው ስል ዞረብኝ፤ የጋለው ዘይት ከግራ ክርኔ ጀምሮ እስከ አንጓዬ ወረደ። ጩኸቴን ሰምተው አከራዬ በሩን ገፍተው ገቡ። እማማ ለምንም ነገር መድኃኒት አያጡም፤ አንድ ሙሉ የጥርስ ሳሙና ክንዴ ላይ ጨመቁብኝ። ሲቀባኝ ቀዝቀዝ አለኝ፣ አልዋሽም። መረቅኋቸው።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችኝ ነርስ ክንዴን አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየች፣ «ወንድሜ፣ ጥርስህ ነው እንዴ የተቃጠለው?» አለች። ያ ሳሙና ታጥቦ እስኪለቅ ያየሁት መከራ ከዘይቱ አይተናነስም። እያጠበች ታስተምረኛለች። ሰው ሲቃጠል ወዲያው ክንዱን ቧንቧ ሥር አድርጎ ሃያ ደቂቃ ውሃ ማፍሰስ ነው። በረዶ የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ቡና የለም። ዘይቱ ከላይ ቢጠረግም የገባው ሙቀት ወደ ውስጥ እየዘለቀ ማብሰሉን ይቀጥላል፤ ያንን የሚያቆመው ውሃው ነው። የጥርስ ሳሙና ቁስሉን ከማቆሸሹ ሌላ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ ማየት የሚፈልገውን ነገር ይሸፍናል፤ ጥልቀቱን።

ዳር ዳሩ ቀልቶ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ ነፋስ ሲነካው እንኳ ያስጮኸኛል። መሃሉ ግን፣ አንድ መዳፍ የሚያህለው፣ ነጣ ብሎ ደርቋል፤ ምንም አይለኝም። «መሃሉ እንኳን ደህና ነው፣ አያመኝም» አልኳት፣ የምሥራች የምነግራት መስሎኝ። አልመለሰችልኝም። መርፌ አምጥታ ነካ ነካ አደረገችው፤ «ይሰማሃል?» አልተሰማኝም። ወጥታ ዶክተሩን ጠራችው።

ቃጠሎው ኤፒደርሚስ ላይ ብቻ ከቀረ ይቀላል፣ ይለበልባል፣ በሳምንት ውስጥ ተልጦ ይድናል፤ ጠባሳም የለው። ወደ ደርሚስ ሲገባ ውሃ ይቋጥራል፤ የነርቩ ጫፍ በሕይወት አለና ሕመሙ አያድርስ ነው። ደርሚስን ጨርሶ ከበላው ግን ነርቩም አብሮ ነዷል፤ የሚያም ነገር አልቀረም። እኔ ያመሰገንኩት ቦታ የሞተው ቦታ ነበር። የሚያስጮኸኝ ዳሩ፣ እሱ ነው ተስፋ ያለው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ሥጋ ደዌ አሰብኩ። ልጆች ሳለን በሽታው ጣት ይበላል ይሉን ነበር። አይበላም። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ባክቴሪያ የሚያጠቃው ቆዳንና በቆዳ አካባቢ ያሉትን ነርቮች ነው። ነርቩ ከሞተ በኋላ ሰውየው የጋለ ድስት ይዞ አይሰማውም፣ ጫማው ውስጥ ምስማር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ይሄድበታል። ጣቱን የሚጨርሰው ያልታወቀና ያልታከመ ቁስል ነው። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ለዚህ ሕመም ማከሚያና ማሠልጠኛ ነበር፤ እዚያው ግቢ ያለው የምርምር ተቋምም የሐንሰንን ስም ይዟል። የማያም ቁስል ምን ያህል ክፉ እንደሆነ በዚያ ሰፈር ለኖረ ሰው መንገር አያስፈልግም። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት አልፎኝ «አያመኝም» ብዬ ደስ ብሎኛል።

ጠዋት ዶክተሩ የቀኝ እጄን መዳፍ አስዘርግቶ ከቁስሉ ጋር አስተያየው። የራስህ መዳፍ ከነጣቶቹ የገላህ አንድ በመቶ ገደማ ነው፤ በእሱ ነው የሚለኩት። የአንድ ዐዋቂ ሰው ቆዳ ተዘርግቶ ቢለካ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ካሬ ሜትር ይሆናል፣ የነጠላ አልጋ ፍራሽ ያህል። ከዚያ ውስጥ የእኔ ጥልቅ ቁስል አንድ መዳፍ ነው። ቀላል ነበር፤ ቀላል መሆኑን የነገረኝ ከጎኔ የተኛው ልጅ ነው።

እሱ ደረቱና ሁለቱ እግሮቹ ተቃጥለዋል። ግሉኮሱ አያቋርጥም። አንሶላው ጠዋት ተቀይሮ ከሰዓት በኋላ ይርሳል፤ ሽንት አይደለም፣ ላብ አይደለም፣ ከገላው የሚወጣው ፈሳሽ ነው። እኛ በሙቀት እያማረርን እሱ ይንቀጠቀጣል። እናቱ ገብታ ልታቅፈው ስትል ጓንትና ሽርጥ አጥልቂ ይሏታል። ስለ ቆዳ ጥቅም ያነበብኩት ሁሉ ከዚያ አልጋ ያነሰ ነው። ውሃችንን ይዞ የሚያኖረን፣ ሙቀታችንን የሚጠብቀው፣ ተሕዋስያኑን በር ላይ የሚያቆመው፣ እኔ በመጥረጊያ ገደል ስከተው የነበረው ያ ዱቄት ነው።

አሠራሩም ይገርማል። ከሥር፣ ደርሚስን ተደግፎ የተቀመጠ አንድ ረድፍ ሴል አለ፤ እሱ ብቻ ነው የሚወልደው። የተወለደው ከታች በሚመጣው እየተገፋ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ኬራቲን በሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ይሞላል፤ ጥፍራችንም ጠጉራችንም እሱ ነው። አፋፉ ላይ ሲደርስ ይጠፈጠፋል፣ መሃሉ ያለው አስኳል ይጠፋል፣ ይሞታል። ሞቶም ሥራ አለው። አሥራ አምስት፣ ሃያ ረድፍ የሞቱ ሴሎች እንደ ድንጋይ ይደረደራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ስብ እንደ ጭቃ ይመርጋቸዋል። ውሃ የማያሳልፈው ይኸው ምርጊት ነው። ከታች ተወልዶ ከላይ እስኪረግፍ አራት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ቅዳሜ ገላችንን ስንታሽ እየተጠቀለለ የሚወጣው እድፍ፣ ትልቁ ድርሻው አፈር መስሎን ስንሸማቀቅበት የኖርነው፣ ዕድሜውን የጨረሰ የገዛ ራሳችን ነው።

ጫና ሲበዛበት ደግሞ ያ የታችኛው ረድፍ ይፈጥናል፣ የሞተው ክምር ይወፍራል። የእናቴ ጣቶች ድስት ያለ መያዣ ያወርዳሉ። ውስጥ እግር ላይ ያለው ኤፒደርሚስ ከሌላው ገላ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ለሁሉም ግን ልክ አለው። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልኩን ባዶ እግሩን በሚሄድ ገበሬ ላይ ረቂቁ የማዕድን ብናኝ ውሎ አድሮ ቆዳውን አልፎ ይገባል፤ በተፈጥሮ ተጋላጭ የሆነውን ሰው እግሩን ያሳብጠዋል። ዝሆኔ የምንለው አንዱ ይኼ ነው። ትንኝ የምታስተላልፈው ትል ያመጣዋል ሲባል የነበረውን፣ በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው ከአፈሩ እንደሚመጣ ያሳየው። መከላከያው ጫማና የእግር መታጠቢያ ሳፋ ነው፤ ከዚህ የተወሳሰበ አይደለም፣ ጫማ መግዣ ላለው።

ወደ ክንዴ ልመለስ። ዶክተሩ መሃሉ በራሱ አይድንም አለ። ሴል የሚወልደው ረድፍ የለም፣ ይበቅልበት የነበረው ደርሚስም የለም። ከዳር ዳር እየተሳበ እንዲሸፍነው ቢጠበቅ ወራት ይፈጃል፤ ጠባሳው ተሰብስቦ አንጓዬን ያጥፈዋል። ስለዚህ ቆዳ ከጭኔ ተነሥቶ ይተከላል። ያኔ እናቴ፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ስትጓዝ አድራ የመጣችው፣ «ከእኔ ይውሰዱለት» አለች። ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ልትሰበስብ ምንም አልቀራትም።

ዶክተሩ አልሳቀባትም። «እማዬ፣ የእርስዎን አይቀበለውም» አላት። ለጥቂት ቀናት የያዘ ይመስልና በሳምንት በሁለት ሳምንት ሰውነቱ አውቆ ይጥለዋል። ቆዳ ውስጥ ባዕድ የሚለዩ ጠባቂ ሴሎች አሉ፤ ቅርንጫፋቸውን ዘርግተው በሌሎቹ መካከል ይቀመጣሉ። ፓውል ላንገርሃንስ የሚባል ጀርመናዊ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1868 አገኛቸው፤ ቅርንጫፋቸውን አይቶ ነርቭ መስለውት ነበር። የዘብነት ሥራቸው እስኪታወቅ መቶ ዓመት ገደማ አለፈ። ከሌላ ሰው ቆዳን እንደ ራሱ የሚቀበለው ተመሳሳይ መንትያ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ መሪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተቃጠሉ ወታደሮችን ሲያክም ስለዚህ ነገር ማሰብ ጀመረ። ከቆዳ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1954 ከአንዱ መንትያ ለሌላው ኩላሊት እስከ መትከል ደረሰ፤ በ1990 ኖቤል ተሸለመበት። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ አልተጽናናችም። «የወለድኩትን ቆዳዬ አያውቀውም?» አለችና ዝም አለች።

ቀዶ ጥገናውን አላየሁም፤ ተኝቼ ነው። መላጫ በሚመስል መሣሪያ ከጭኔ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ የሚሆን ልጥ አነሡ፤ ኤፒደርሚሱን በሙሉና ከደርሚስ ላይ ስስ ሽራፊ። እንዲለጠጥና ፈሳሹ እንዲወጣ በማሽን እንደ መረብ በሱት፤ የሞተውን ከክንዴ ቆርጠው ከጣሉ በኋላ ከላይ አለበሱት። የተነሣው ቆዳ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ደም የለውም፤ ከሥሩ ካለው ቁስል የሚወጣውን ርጥበት እየመጠጠ ነው የሚሰነብተው። ከዚያ የታችኛው ደም ሥር ከላይኛው ጋር ይገናኛል። በአምስተኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ ዶክተሩ በጣቱ ጫን አደረገው፤ ነጣ፣ ሲለቀው ቀላ። «ይዟል» አለ። ችግኝ የተከለ ገበሬ ነው የመሰለኝ።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ጭኑ ከክንዱ በላይ እንደሚያም ነው። ደርሚሱ ተገልጦ፣ የተቆረጡት የነርቭ ጫፎች ሁሉ በሕይወት አሉና። ሱሪ የለም፣ በጎን መተኛት የለም። ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል ከላዩ የተለጠፈው ፋሻ በራሱ ጊዜ እየለቀቀ መጣ። ነርሷ ዳሩን በሳላይን አርሳ ቀስ ብላ ስታነሣው አጎንብሼ አየሁ።

ሮዝ ነበር፣ የሚያብረቀርቅ፣ አዲስ ቆዳ። ቀደም ብሎ ፋሻው ሲቀየር እንዳየሁት ከሆነ ደግሞ አሸፋፈኑ ከዳር ወደ መሃል አልነበረም። መሃሉ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ነበሩ፤ ረድፍ ይዘው፣ በመርፌ ጫፍ የተወጉ ይመስል። እያንዳንዳቸው ክብ እየሠሩ ሰፍተው፣ እርስ በርሳቸው ተነካክተው ነው ሜዳውን የሞሉት።

የጠጉሩ ጉድጓድ። የጠጉር ሥር የሚቀመጥበት ቀዳዳ ከላይ ሲታይ የደርሚስ ነገር ይመስላል እንጂ፣ ግድግዳው በኤፒደርሚስ ሴል የተለበጠ ነው፤ ላይኛው ቆዳ ወደ ታች ጠልቆ የሠራው ጉድጓድ ነው። የላብ ዕጢውም ቧንቧ እንደዚሁ። መሣሪያው ላዩን ሁሉ ሲያነሣ እዚያ ሥር የተደበቀው አይነካም። ከዚያ ወጥቶ፣ ሜዳው ላይ ተዘርግቶ፣ የተወሰደውን ይተካል። ለዚህ ነው ከአንድ ቦታ ሁለቴ፣ ሦስቴም ማንሣት የሚቻለው፤ ከጎኔ ለነበረው ልጅ እንዲያ ነው ያደረጉለት። የክንዴ መሃል ግን ጉድጓዶቹም አብረው ስለነደዱ ዘር አልቀረበትም። ልዩነቱ ከሚሊሜትር የማይበልጥ ጥልቀት ነው። አጎቴ «ብትፍቀው አይለቅም» ያሉት ፍየሏ ብትኖር ኖሮ ቆዳዋ እንደገና የሚነሣበትን ጉድጓድ ነበር።

አሁን ክንዴ ላይ ያ አራት ማዕዘን አለ። የመረቡ ዓይን በጎን ብርሃን ሲታይ ይለያል፣ የወንፊት ጥላ ይመስላል። መልኩም ከሌላው ጠቆር ይላል። እኛ ስለ መልክ ቃል አናጣም፤ ጠይም፣ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር፤ እኔ ጠይም ከሚባሉት ነኝ። ቀለሙን የሚሠሩት ሴሎች ብዛታቸው ግን በጥቁሩም በቀዩም፣ በፈረንጁም ላይ ያው ነው። የሚለየው የሚሠሩት ሜላኒን ዓይነት፣ መጠኑና አበታተኑ ነው። እያንዳንዱ ቀለም ሠሪ በቅርንጫፉ ለጎረቤቶቹ ያድላል፤ የተቀበለውም ሴል ቀለሙን በአስኳሉ አናት ላይ፣ በፀሐይ በኩል፣ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋዋል። ቁስል ሲያስደነግጣቸው ከልክ በላይ ያድላሉ፤ የእኔም መጥቆር ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና በተሰበሰበ ናሙና የታተመ ጥናት ደግሞ ለጥቁረትም ለቅላትም ምክንያት የሚሆኑ ዘረ መሎች በአፍሪካ ውስጥ ከጥንት አብረው እንደኖሩ አሳይቷል። አንድ እናት የወለደቻቸው ልጆች አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር ሲሆን «በማን ወጣ?» ለምንል ሰዎች ጥሩ ንባብ ነው። ጓደኛዬ ግን ይህን ከማንበብ ይልቅ ጠቆር ያለውን የሚያነጣ ቅባት ሊገዛልኝ ፈለገ። ከእነዚያ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ክንዴ ይጥቆር።

ከቀለሙ ይልቅ የሚያስገርመኝ ላቡ ነው። ገላችን ላይ ከሁለት እስከ አራት ሚሊዮን የላብ ዕጢ አለ፤ የተነሣው ስስ ልጥ ግን ዕጢዎቹን ይዞ አልመጣም፣ ሥራቸው ጭኔ ላይ ቀርቷል። ሚያዝያ ላይ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቀን ስንሄድ ግራ ክንዴን አያለሁ፤ ዙሪያውን ጤዛ እንደወረደበት ሣር ያቸፈቸፈ፣ መሃሉ ድርቅ ያለ አራት ማዕዘን። ወዝ የሚሰጠው ዕጢም የለውም። ጠዋትና ማታ ቫዝሊን ካልቀባሁት ይሰነጠቃል፣ ያሳክከኛል። ስነካው የሆነ ነገር ይሰማኛል፤ ጣቴ ይሁን ጨርቅ ግን አለይም። ጣት ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር የተራራቁ ሁለት መርፌዎች ሁለት መሆናቸው ይታወቃል፤ ጀርባ ላይ አራት ሴንቲሜትር ካልተራራቁ አንድ ይመስላሉ። ክንዴ መሃል አሁን ጀርባ ሆኗል።

ዘንድሮ ለጥምቀት አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ እጃቸው ግን ያው ነው። ሰላምታ ሳንጨርስ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰቡት። ዐይናቸው ደክሟልና ክንዴን ወደ ፀሐይ አዞሩት። አራት ማዕዘኑን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው አነሡት፣ ለቀቁት፣ እንደገና አነሡት። ብራና ሲገዙ እንደሚያደርጉት።

«ከየት ነው ያመጡት?»

«ከጭኔ ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከጀርባህ ቢሆን ይሻል ነበር። የጭን ይሳሳል» አሉና ወደ ተወጠረው ቆዳ ዞሩ። መጥረጊያው ድሮ የነበረበት ቦታ ነበር።